ከረጢት ውስጥ ያልገባው ደብዳቤ

አንድ ሰው ነበረ፤ ደብዳቤ የሚጠብቅ።

ጥያቄሽን ረስቼ ወደ ተረት የሸሸሁ እንዳይመስልሽ፣ ሰርካለም። እንዲያውም ደግሜ ልንገርሽና በትክክል ሰምቼሽ እንደሆነ አንቺው ፍረጂ። ወንድምሽ ምንተስኖት ከአራት ዓመት በፊት በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ይህን የማኅተም ቀረጻ ሱቅ ለአንቺ ተወልሽ። ከሱቁ ጋር ደግሞ በኋላ ክፍል በገዛ እጁ ገጣጥሞ ያቆመውን ሰርቨር የሚሉትን ኮምፒውተር ተወልሽ። የሱቁ ኢሜይልም ድረ ገጹም ያሉት እሱ ላይ ነው። ቀን ከሌት ያጓራል። ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይፈልጋል፣ ሲታመም ሐኪም ይፈልጋል። የሱቁ ትርፍ ወደዚያ ክፍል ይገባል እንጂ አይወጣም። ማሽኑን የምትጠግንልሽ ባለሙያም፣ «ይህን ማሽን ለምን ታስታምሚያለሽ? ኢሜይሉንም ድረ ገጹንም በወር ጥቂት ብር ከሚያከራይ ድርጅት ተከራዪ፤ መጠበቁ የእነሱ ይሁን» ብላሻለች። አንቺ ግን ምንተስኖት ከሄደ ወዲህ ድምፁን አልሰማሽም። ስልክሽ ተሰርቆ የድሮው ቁጥርሽ ጠፍቷል፤ እሱ የሚያውቀው የቀረ መንገድ ያ ኢሜይል ብቻ ነው። ስለዚህ፣ «ማሽኑን ከዘጋሁት ወንድሜ በየት ያገኘኛል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ይህ አይደል?

መልሱን በአንድ አረፍተ ነገር ልሰጥሽ እችል ነበር። አመስግነሽኝ ትሄጃለሽ፤ ማሽኑንም አትዘጊውም። ስለ ሰርቨር የማውቀው ትንሽ ነው። ስለ ደብዳቤ ግን ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታ ቤት ሠርቻለሁና የምለው አለኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ተቀመጪና ሰውዬውን ስሚ።

ሰውዬው ሀብታም ነበር። ከደጋው ሰምና ቆዳ እየሰበሰበ ወደ ባቡር ጣቢያ ያወርዳል። ከከተማችን እስከ ጣቢያው በበቅሎ አራት ቀን ነው። በዚያን ጊዜ እኛ ከተማ ፖስታ ቤት የሚባል ነገር ስላልነበረ ትልልቁ ነጋዴ ሁሉ የራሱ መልእክተኛና የራሱ በቅሎ ነበረው። የሰውዬው ደብዳቤ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ጣቢያው ከተማ ላይ አንድ ወዳጁ የሆነ የጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ይቀመጣል። መልእክተኛው በየሦስት ሳምንቱ ይወርድና ያመጣዋል።

ደብዳቤ በሰው እጅ ሲመጣ ክብር ነበረው። መልእክተኛው አቧራውን አራግፎ ይገባል፣ እጅ ይነሣል፣ ማን ሰላም እንዳለ አንድ በአንድ ይናገራል፤ ከዚያ በሁለት እጁ ያቀርባል። እናንተ ይህን አታውቁትም። ብታውቁት ትወዱት ነበር፤ እኔ ፖስታ ቤት ሠርቼ እንኳ እወደዋለሁ።

ሰውዬው ሚስቱ ሞታበት አንዲት ልጅ ነበረችው። ማንበብና መጻፍ አይችልም፤ ጸሐፊውም አንባቢውም እሷ ነበረች። እሱ እየተንጎራደደ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች፤ ሲሳሳት ደግሞ «አባባ፣ ይሄ ለሰው አይጻፍም» ብላ ትሰርዝበታለች። ሌላ ሰው ቢሰርዝበት ያብድ ነበር። መልሱ በየት እንደሚመጣ በደብዳቤው ግርጌ የምትጽፈው እሷ ናት፤ ለእገሌ፣ በጨርቅ ነጋዴው በእገሌ ሱቅ በኩል። ያንን ስንት መቶ ጊዜ እንደጻፈችው እግዜር ይወቅ።

ይህች ልጅ የባቡር ሠራተኛ ወደደች። ሰውዬው ብረት የሚነካ እጅ ልጄን አይነካም አለ። በዚያን ዘመን ብረት የሚሠራ ሰው እንዴት ይታይ እንደነበር አላወራሽም፤ ያሳፍረኛል። እሷም የአባቷ ልጅ ነበረችና እልኸኛ ናት፤ ሄደች። በሄደች ቀን ሰውዬው አጥሩ በር ላይ ቆሞ ጎረቤት እየሰማ፣ «ከእንግዲህ እኔ ሳልልክብሽ ደጄን እንዳትረግጪ!» አላት። እሷም ባሏን ተከትላ በባቡሩ ሐዲድ ወደ ባሕሩ ጠረፍ ወረደች።

ዓመት ሳይሞላ ጸጸት በላው። የት እንዳለች ግን በውል አያውቅም። አስጠይቆ ማወቅ ይችል ነበር፤ ሆኖም ሀብታም ሰው ስለ ገዛ ልጁ ሰው መንገድ ላይ አያስጠይቅም ብሎ ዝም አለ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እሱ የቀረበት ከደጃዝማችነት ይበልጥ ነበር። ስለዚህ የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እሷ ትጻፍለት። ከሁለቱ መጻፍ የምታውቀው እሷ አይደለችም?

መልእክተኛው በሚመለስበት ቀን ሰውዬው ከጠዋት ጀምሮ ሥራ አይዘውም። አጥሩ በር ላይ ይወጣል፣ ይገባል። መልእክተኛው ሲደርስ፣ «መንገዱ እንዴት ነበር?» ይለዋል። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ መንገድ እንዳልሆነ ያውቃል።

«መንገዱ ደህና ነው፣ ጌታዬ» ይላል መልእክተኛው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ሰውዬውም፣ «እግዜር ይመስገን» ብሎ ይገባል። እንዲህ እየተባለ ስድስት ዓመት አለፈ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ደብዳቤ አልመጣም።

እኔ ወደዚህ ነገር የገባሁት በዚያን ጊዜ ነው። በከተማችን ፖስታ ቤት ተከፈተና ተቀጠርኩ። ግድግዳው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ትንንሽ ሳጥኖች ተሠሩ። በየሐሙሱ የጭነት መኪና በድልድዩ በኩል ዞሮ ከጣቢያው የደብዳቤ ከረጢት ያመጣል፤ እኔ ከረጢቱን ከፍቼ ደብዳቤዎቹን በየሳጥናቸው እከታለሁ። ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ሳቁብን። ከዚያ አንዱ ሳጥን ተከራየና ዘመዱን ከመልእክተኛነት አንሥቶ ሱቅ ውስጥ አስገባው። ሁለተኛው በቅሎውን ሸጠ። ዓመት ሳይሞላ ከሰውዬው በቀር በበቅሎ ደብዳቤ የሚያስመጣ አልቀረም።

እሱ ግን መልእክተኛውን ከነደመወዙ፣ ሁለቱን በቅሎዎች ከነቀለባቸው፣ ለመልእክተኛው ማደሪያ ጣቢያው ላይ የተከራየውን ክፍል ሁሉ እንደያዘ ቀረ። ንግዱ በዚያን ጊዜ ደክሟል። ባለ መኪኖቹ ቆዳውን ከገበሬው በር ላይ እየገዙበት ነበር። የሰሙን መጋዘን ሸጠ፤ የመንገዱን ወጪ አልቀነሰም። ከቤቱ ኋላ ያለውን መሬት ሸጠ፤ የመንገዱን ወጪ አልቀነሰም። ሰው ስስታም ሲሆን አይቻለሁ፣ አባካኝም አይቻለሁ። በናፍቆት የሚደኸይ ሰው ያየሁት ግን እሱን ነው።

የፖስታ ቤቱ ሹም ደግ ሰው ነበር፤ አዘነለትና እቤቱ ድረስ ሄደ። እኔንም ፎርሙን አስይዞ ወሰደኝ።

«ጌታዬ» አለው፣ «ልጅዎ የምታውቀውን መንገድ ላለመዝጋት ብለው እንደሆነ ሰምቻለሁ። አይዘጋም። እዚህ ወረቀት ላይ ጣትዎን ያኑሩልኝ። በስምዎ ለጨርቅ ነጋዴው ሱቅ የሚመጣውን ደብዳቤ የጣቢያው ፖስታ ቤት ወደ እኛ ከረጢት ይጨምረዋል። ልጅዎ የምትጽፈው የድሮውን አድራሻ ነው፤ መቀየሩን ማወቅም አያስፈልጋትም። ደብዳቤው ግን ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ነው።»

ሰውዬው ወረቀቱን አየው፤ እኛንም አየን። «የልጄን ደብዳቤ ከማንም አላፊ አግዳሚ ደብዳቤ ጋር በአንድ ከረጢት ልትወረውሩት?» አለ። «የእኔ ልጅ ቃል በሰው እጅ ነው የሚመጣ።»

ሹሙ ደብዳቤው ከጠረፉ እስከ ጣቢያው የሚመጣው እኮ ከማንም ደብዳቤ ጋር ተደባልቆ በከረጢት ነው ሊለው አስቦ ነበር። ተወው። ወጥተን ስንሄድ ሰውዬው ለመልእክተኛው ሲያዝ ሰማነው፤ «ለጨርቅ ነጋዴው ንገረው፤ የእኔን ደብዳቤ ከአንተ በቀር ለመንግሥትም ቢሆን እንዳይሰጥ። አደራ በለው።» የጨርቅ ነጋዴውም አደራ የሚያውቅ ሰው ነበር። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።

በተከታዩ ክረምት፣ በሐምሌ አጋማሽ፣ መልእክተኛው እንደ ልማዱ ወረደ። ቆላው ላይ ወባ ያዘው። አንድ ደግ ሰው ቤት ወደቀ። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ወሬ ይዞ ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው አልተገኘም። ሰውዬው መልእክተኛው ሲዘገይ ወንዙ ይዞት ነው አለ፤ በክረምት ሁልጊዜም ይዘገያል። ነሐሴ አለፈ፣ ጳጉሜ አለፈ፣ መስቀል ተከበረ። እኔ ግን በየሐሙሱ ከረጢት እከፍት ነበር። መኪናው የሚያልፈው በድልድይ ነውና አንድም ሐሙስ አልቀረም።

መልእክተኛው ሲያገግም ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችል ነበር። ታማኝ ሰው ስለነበር እየተጎተተ ወደ ጣቢያው ወረደ፣ የተቀመጠለትን ተቀበለ፣ ተመለሰ። የደረሰው በጥቅምት አጋማሽ ነው። ሰውዬው በሩ ላይ ነበር።

«መንገዱ እንዴት ነበር?»

መልእክተኛው እጅ መንሳቱንም፣ የሰው ሰላምታውንም ረሳ። ከደረቱ አንድ ፖስታ አውጥቶ ሰጠው። ሰውዬው ማንበብ ባይችልም የልጁን እጅ ጽሑፍ ያውቀዋል።

አንባቢ ፈልጎ እየሮጠ የመጣው ወደ እኛ ነው። ፖስታ ቤቱን ሲረግጥ የመጀመሪያው ቀን ነበር። ደብዳቤውን ያነበብኩለት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ደብዳቤ አንብቤያለሁ፣ እንደዚያ ያለ አላነበብኩም። ቃል በቃል ባይሆን እንዲህ ይላል፤

«አባባ፣ ወንድ ልጅ ወልጃለሁ። በስምህ ጠርቼዋለሁ። ባለቤቴ ከጳጉሜ ጀምሮ እስከ መስቀል ጣቢያው ላይ ሥራ አለውና ሁላችንም እንመጣለን። ከመስቀል በኋላ ግን ወደ ሩቅ አገር ተዛውሯል፤ አብረነው እንሄዳለን። እኔ ሳልልክብሽ ደጄን አትርገጪ ብለኸኛል፤ አልረግጥም። ከጣቢያው ጀርባ ሦስተኛው የሠራተኞች ቤት ውስጥ ነን። ና በለኝ፣ በዚያው ቀን ልጁን ይዤ እወጣለሁ። መልእክተኛህ ካልመጣ ግን መልስህ ገብቶኛል ማለት ነው፤ ዳግመኛ አላስቸግርህም።»

የተጻፈበት ቀን በሐምሌ ነው። በወሩ መጨረሻ ጨርቅ ነጋዴው መሳቢያ ውስጥ ገብቷል። ወረቀቱ ላይ ጣቱን አኑሮልን ቢሆን ኖሮ በነሐሴ የመጀመሪያው ሐሙስ እኔው ራሴ ከከረጢቱ አወጣው ነበር። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም። ግን ሞኝ አልነበረም፤ ቀኑን ሁለት ጊዜ አስነበበኝና ግድግዳው ላይ ያሉትን ሳጥኖች አያቸው።

በዚያው ቀን በመኪና ወረደ። ከጣቢያው ጀርባ ሦስተኛውን ቤት አንኳኳ፤ ሌላ ቤተሰብ ገብቶበታል። አንዲት ጎረቤት፣ «እንዴ፣ አባቷ እርስዎ ነዎት? ልጁን አቅፋ ጠዋት ጠዋት ወደ ደጋ የሚወጣውን መንገድ እያየች ትቆም ነበር። መስቀል ባለፈ በአራተኛው ቀን በባቡር ሄዱ» አለችው። ወዴት ሲላት አላወቀችም። ባቡር ጣቢያውን ጠየቀ፣ ወደቡን አስጠየቀ፤ የቀረበትን መጠየቅ ሁሉ ያኔ ጠየቀ። መርከብ ተሳፍረዋል ከማለት በቀር የሚያውቅ አልተገኘም።

ሲመለስ በቀጥታ ወደ ፖስታ ቤት መጣ። «ያንን ወረቀት አምጣው» አለኝ። ጣቱን ቀለም ነክሮ አኖረልኝ። ሳጥን ተከራየ። መልእክተኛውን ቆላ ላይ ላገኘው በሽታ ካሰው፤ አሰናበተውም አልልሽም፣ ግቢው ውስጥ ቤት ሰጥቶ አስቀመጠው። ከተማው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብሎ አማው። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ሐሙስ ሐሙስ ከረጢቱ ሲከፈት መስኮቱ ሥር ይቆም ነበር። እኔም ሳጥኑ ባዶ መሆኑን እያወቅኩ ከፍቼ አየለት ነበር፤ ሳይከፍቱ የለም ማለት ይከብዳል። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወርኩ። እስከዚያ ቀን ደብዳቤ አልመጣም። ከዚያ በኋላ መጥቶለት እንደሆነ አላውቅም። ቢመጣለት ብዬ ዛሬም እመኛለሁ፤ ሰውዬው ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ እኔ አሁንም እመኛለሁ።

ሰርካለም፣ አሁን ወደ አንቺ ልምጣ።

በቅሎዎቹም መልእክተኛውም የኋላ ክፍሉ ማሽን ናቸው፤ ምንተስኖት የገጣጠመው፣ ታማኝ፣ ግን በክረምት የሚታመም ሰርቨር። ከረጢቱ ባለሙያዋ ተከራዪው ያለችሽ አገልግሎት ነው፤ ከማንም ኢሜይል ጋር የተደባለቀ፣ ክብር የሌለው፣ ሆኖም ሐሙስ የማይቀር። ስም ደግሞ ስም ነው። ሰውዬው ደብዳቤውን የሚያመጣለት መንገዱ መሰለው። ደብዳቤ የሚከተለው ስምን ነው። ባለሙያዋን ጠይቂያት፤ የሱቅሽ ኢሜይል መጨረሻ ላይ ያለው ስም ማሽኑ ውስጥ አይደለም ያለው። በየዓመቱ የምታሳድሺው የራስሽ ንብረት ነው። ወደ ተከራየሽው ቦታ ታዞረዋለች፤ ምንተስኖት ደርባንም ይሁን ሌላ ቦታ ቁጭ ብሎ የሚጽፈው ያንኑ የሚያውቀውን አድራሻ ነው። መቀየሩን ማወቅም አያስፈልገውም። ስሙን ማሳደስ ከረሳሽ ግን ያኔ በእርግጥ ትጠፊበታለሽና እሱን አደራ።

«በእጁ የሠራው ነው» አልሽ? አውቃለሁ። ማሽኑ ሲያጓራ ከኋላ ክፍል እሱ ሥራ ላይ ያለ እንደሚመስልሽም አውቃለሁ፤ ሱቅሽ ስመጣ በሩን ገርበብ አድርገሽ ነው የምትቀመጪው። ሰውዬውም በቅሎዎቹን የሚያያቸው እንደዚያው ነበር። ናፍቆትሽን ተዪው አላልኩም፤ የማይተው ነገር ነው። የድሮዎቹን መልእክቶች ሁሉ ገልብጠሽ አስቀምጪ። ማሽኑንም ካሻሽ ጠፍቶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ ማን ይከለክልሻል? ሥራውን ግን ከማሽኑ ተቀበይው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽና እንሂድ። ባለፈው ክረምት የማሽኑ አንድ ዕቃ ተቃጥሎ ከውጭ እስኪመጣ አሥራ አንድ ቀን ተዘግቶ ነበር አልሽኝ። አንድ ደንበኛሽ «ኢሜይሌ ተመለሰብኝ» ብሎ ደውሎ ነገረሽ። እሱ አዲሱ ቁጥርሽ አለው፤ ስለዚህ ነገረሽ። በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ስልክሽ የሌለው ሰው ጽፎ ተመልሶበት እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?

አታልቅሺ። አልጻፈም ይሆናል። በሕይወት ካለ ግን አንድ ቀን ይጽፋል፤ ያን ቀን መብራት ጠፍቶ እንዳይሆን።